የጥር ደብተር

ቀረብ በሉ፤ ወሬው አጭር ነው፣ መንገዱ ግን ረጅም ነውና ቀስ ብለን እንሄዳለን። ከከላላ ወደ ጃማ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት እናት አለች እንበል፤ ስሟን አልጠራም፣ የሁላችሁም ጎረቤት ናትና።

ጥር ነው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጅ ይቆርጣል። ባልዋ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ፣ «ዘንድሮ ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ብሩ ለማዳበሪያ ይቀመጥ» አላት። እሷም አልተከራከረችም፤ ሲነጋ ጤፉን በቁና ሰፈረች፣ ተሸክማም ገበያ ወጣች፣ ሸጠችም፣ ከዚያም ቀበሌ ሄዳ ተራዋን ጠበቀች፣ ከፈለች፣ ደረሰኟን ተቀበለች፣ የጤና መድኅን ደብተሩም ታደሰላት። መዝጋቢው ደብተሩን ሊመልስላት እጁን ሲዘረጋ፣ «ቆይ ወንድምዬ፣ በመስከረም የወለድኳት አለች፤ እሷንም ጻፍልኝ» አለችው።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ወሊዱም ክትባቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነውና፣ ስንቷ እናት መድኅኑም ሕፃኑን ከነስሙ የሚያውቀው ይመስላታል። አያውቀውም፤ ካላስጻፉት አያውቀውም።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር፣ አንዷ የራሳችን የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። ነገሩ ከእድር ብዙም አይርቅም። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ደብተር ይገባል፣ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ በወላጆቹ ስም ይታከማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ለብቻው ይከፈልለታል። መክፈል ለማይችለው ድሃም መንግሥት ይከፍልለታል፤ ያንን ድሃ የሚለየው ቀበሌው ነውና፣ ስም ሲጠራ የደከመውን ጎረቤት የረሳ ሰው ከባድ ነገር ረስቷል። መዋጮው በየዓመቱ ነው፤ እህል በእጅ ባለበት ወራት ካልታደሰ ደብተሩ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ክረምት ገባ፣ ሐምሌም መጣ፣ ጉሙ ሸለቆውን ሞላው፣ ጎተራውም ሳሳ። አንድ ሌሊት የመስከረሟ ልጅ ጎኗ ስርጉድ ስርጉድ እያለ ትንፋሿ ፈጠነ። እናቷ አዘለቻት፣ ደብተሩንም በፌስታል ጠቅልላ በጉያዋ ከተተችው፣ ባልዋ ባትሪ ይዞ ከፊት ቀደመ፣ ጭቃውም እግር ይይዝ ነበርና በእጃቸው ጭምር እየቧጠጡ ዳገቱን ወጡ፣ ሲነጋጋም ጤና ጣቢያ ደረሱ። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ መርፌ ተሰጣት፣ ከዚያም የሪፈር ወረቀት ተጽፎላቸው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ተላኩ። ያቺ ወረቀት እንደ ደብተሩ ናት፤ ሳይዟት በራሳቸው ሆስፒታል ለሄዱ ሰዎች መድኅኑ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንላቸውም።

ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሌላ አባት ቆሞ ነበር፤ ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ደብተሩን ገለጠው፣ ዘጋው፣ እንደገና ገለጠው። የአምና ነበር፤ አልታደሰም። በሐምሌ ገበሬ ከየት ብር ያመጣል? እኔ ምዝገባው ገበሬውን ቢሮ ድረስ ከሚጠራ ይልቅ መዝጋቢው ደረሰኙን ይዞ አውድማ ድረስ ቢወርድ እወዳለሁ፤ እህሉ ያለው እዚያ፣ ልጆቹም ያሉት እዚያ ነውና።

ያ ለማዳበሪያ ይቀመጥ ያለው ባል ሰውየውን ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ የኮቱን ኪስ ፈትሾ የመንገድ ብሩን አወጣ፣ ለሁለት ከፈለውም፣ ግማሹንም በሰውየው መዳፍ ውስጥ አኖረ፤ ቃል አልተለዋወጡም።

ልጅቱ ዳነች፤ ጥርም ተመልሶ መጣ። እናቲቱ ቁናውን ልታወርድ እጇን ስትሰድ ቦታው ላይ አጣችው። ወጥታ ብታይ፣ ባልዋ ጤፉን አህያ ላይ ጭኖ ዳገቱን ጀምሯል፣ ደብተሩም በዚያው ፌስታል ተጠቅልሎ በእጁ ነው፣ ከፊቱም ያ የካርድ ክፍሉ በር አባት የልጁን እጅ ይዞ እያስከተለ ይወጣል።