የመቶ ሰው ድርሻ፤ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግና የታሪክ ክርክር

ባለፈው የትምህርት ዘመን የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር «ሕግ ለሚያወጣ ሰው ታሪክ ይጠቅመዋልን?» የሚል ጥያቄ አቅርቦ ነበር። እኔ የተመደብሁት «አይጠቅመውም» ከሚሉት ወገን ነው። ለሕግ አውጪ የሚያስፈልገው የዛሬን ችግር ማወቅ እንጂ የትናንትን ወሬ መቍጠር አይደለም ብዬ ተናገርሁ፤ ጭብጨባውም ደኅና ነበር፤ ወገናችንም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ አመጣጥ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁና ያ ድል ደስታው ጠፋብኝ። ያገኘሁትን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ላቀርብ እወዳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 የአሜሪካ ሴኔት ስለ ውጭ አገር ሰዎች አገባብ የቀረበለትን አዲስ ረቂቅ ሕግ ሲመረምር፣ የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ሳም ኧርቪን ተቃወሙ። ይህ ረቂቅ ከጸደቀ የኢትዮጵያ ሰው ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከሆላንድ ሰው ጋራ እኩል መብት ኖሮት ወደ አሜሪካ ሊገባ ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ኢትዮጵያን እንደሚያከብሩ ከገለጹ በኋላ፣ አሜሪካን በማቋቋም ረገድ ኢትዮጵያ ያደረገችው አስተዋፅኦ መኖሩን እንደማያውቁ ተናገሩ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ቍጣ ነበር። ነገር ግን ሴናተር ኧርቪን ተራ ሰው አልነበሩም። ሕግ አዋቂ ነበሩ፤ በ1973 የዎተርጌትን ጉዳይ የመረመረውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩትና በዚያም ብዙ ምስጋና ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ክርክራቸውን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ማንኛውም አገር የሚገቡበትን ሰዎች ከመምረጥ አይድንም፤ መምረጥ ካልቀረ ደግሞ አገሪቱን ላቀኑት ሕዝቦች ወገኖች ቅድሚያ መስጠት ነውር አይደለም። እኛስ ብንሆን ለድግስ ስንጠራ ከሩቅ ሰው ይልቅ ዘመድና ጎረቤት እናስቀድም የለምን? ለዚህ መልስ ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ያገኘሁትም ያ ቅድሚያ እንዴት እንደ ተሰላ ስመለከት ነው።

አሜሪካ ለኤውሮፓ ሰው በሯን ብዙ ዘመን ከፍታ ኖራለች። ለሌላው ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1790 የወጣው ሕግ ዜግነት ሊቀበል የሚችለው ነጻ የሆነ ነጭ ሰው ነው ይል ነበር፤ በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያን ጊዜ የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆርጅ ሆር የ1776ቱን የነጻነት ዐዋጅ እየጠቀሱ ቢከራከሩም የሚሰማቸው አላገኙም፤ ክልከላውም እስከ 1943 ቆየ። በ1921 ግን ለኤውሮፓ ሰውም ቍጥር ወጣለት። ለያንዳንዱ አገር የሚሰጠው ድርሻ፣ ማለት ኮታው፣ በ1910 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከተገኙት የዚያ አገር ተወላጆች ከመቶ ሦስት እጅ እንዲሆን ተወሰነ። በ1924 ድርሻው ወደ ከመቶ ሁለት እጅ ዝቅ አለ፤ የሚታሰብበትም ቆጠራ የ1910ሩ መሆኑ ቀርቶ የ1890ው ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። የ1920 ቆጠራ በእጅ ሳለ 34 ዓመት ያለፈው ቆጠራ ስለ ምን ተፈለገ? ከኢጣሊያ፣ ከፖላንድና ከሩሲያ ሰው በብዛት የፈለሰው ከ1890 በኋላ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ስሌት ከ42,000 በላይ የነበረው የኢጣሊያ ኮታ ወደ 3,845 ወረደ። ሕግ አውጪዎቹ ኢጣሊያኖች አይምጡ ብለው አልጻፉም፤ አንድ ዓመት ብቻ መረጡ። እኔ በክርክሩ ቀን የትናንት ወሬ ብዬ ያቃለልሁት ነገር እዚህ ላይ ከሕጉ ቃል ይልቅ ሥልጣን ነበረው።

ያን ጊዜ ሕጉን ከተቃወሙት አንዱ የኒው ዮርኩ እንደራሴ ኢማኑኤል ሴለር ነበሩ። የብሩክሊን ተወላጅ ሲሆኑ ቤተ ሰባቸው ከጀርመን የመጣ አይሁድ ነው፤ ምክር ቤት ከገቡም ገና አንድ ዓመት መሙላታቸው ነበር። ተሸነፉ፤ ነገር ግን አልተዉትም።

ከ1929 ጀምሮ ሌላ ስሌት ተተካ። በዚህኛው አሠራር አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ የሚያህለው ጠቅላላ ኮታ የሚከፋፈለው በ1920 በአሜሪካ የነበረው ሕዝብ ከየት ከየት አገር እንደ መነጨ እየተመረመረ ነው። ሊቃውንቱ እስከ 1790 ቆጠራ ወደ ኋላ ተመልሰው የሰዎችን የቤተ ሰብ ስም እያዩ ይህ እንግሊዛዊ ነው፣ ይህ ሆላንዳዊ ነው እያሉ ገመቱ። ሲያዩት የታሪክ ምርምር ይመስላል። ሕጉ ግን ከሚቈጠረው ሕዝብ ውስጥ የባሮች ልጅ ልጆችና የአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች፣ ማለት ሕንዶቹ፣ እንዳይገቡ በግልጽ ደንግጎ ነበር። በ1920 ቆጠራ ጥቁር አሜሪካውያን ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የሴናተር ኧርቪንን የትውልድ አገር ሰሜን ካሮላይናን ጨምሮ በደቡብ ክፍለ አገሮች ጥጡንና ትምባሆውን ያለሙት አባቶቻቸው ናቸው። ስሌቱ ሲያልቅ ከ153,714 ኮታ ውስጥ ለብሪታንያና ለሰሜን አየርላንድ 65,721 ደረሰ። ለኢትዮጵያ፣ እንደ ላይቤሪያና እንደ ግብጽ ሁሉ፣ ትንሹ ድርሻ 100 ተሰጣት።

እንግዲህ ሴናተሩ አስተዋፅኦውን አላውቅም ሲሉ የሚናገሩት ከዚህ መዝገብ ነው። መዝገቡ የተጻፈው ግን አንዳንዱ ሠሪ እንዳይቈጠር ሆኖ ነው። በርግጥ በአትላንቲክ ባሕር ተግዘው የተሸጡት ባሮች ባብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ እንጂ ከኛ አገር የሄዱ አይደሉም፤ ለእውነት ሲባል ይህን አልሸሽግም። ሆኖም በ1808 በኒው ዮርክ ከተማ ጥቁሮች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይተው እንዲቀመጡ ቢደረግባቸው የራሳቸውን አቋቁመው «የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሙት። በኮሪያ ጦርነትም ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፈው ተዋግተዋል፤ ከነዚያም ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ሴናተሩ ሲናገሩ ጦርነቱ ከቆመ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ይህን የምጽፈው ደም የቪዛ ዋጋ ነው ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም ለሰው መግቢያ የአባቶቹን ደረሰኝ መጠየቅ ራሱ ደስ አይለኝም። ግን ጥያቄው በታሪክ ስም ከተነሣ ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ይነበብ።

ሴለር በ1924 የተሸነፉበትን ነገር በ1965 ያሸነፉት 41 ዓመት ቆይተው ነው። በመካከሉ ፕሬዚዳንት ትሩማን የኮታውን አሠራር ያጸናውን የ1952 ሕግ አልፈርምም ብለው መልሰውት ነበር፤ ምክር ቤቶቹ ግን ከፈቃዳቸው ውጭ አጸኑት። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 አዲስ አሳብ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት ተገደሉ። በመጨረሻ ሴኔቱ ሕጉን 76 ለ18 በሆነ ድምፅ ተቀበለ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ጥቅምት 3 ቀን 1965 በነጻነት ሐውልት ሥር ተቀምጠው ፈረሙት። ኢትዮጵያም ከመቶ ሰው ድርሻ ወጥታ፣ እንደ ማንኛውም ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ውጭ ያለ አገር፣ ለያንዳንዱ እስከ 20,000 በተወሰነው ጣራ ሥር ገባች።

የሚገርመው፣ ታሪክን አጣምሞ ያነበበ ተቃዋሚ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሕጉ ለዘመድ ቅድሚያ ይሰጥ ነበርና ሴለር ራሳቸው አፍሪካውያንና እስያውያን አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ስለሌላቸው ጥቂቶች ብቻ ይመጣሉ ብለው ባልደረቦቻቸውን አረጋግተዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከገቡት የሚበዙት ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ናቸው። ከኛም አገር ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱት በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ፣ ቀጥሎም ሌሎቹ በ1990ው ሕግ በተቋቋመው የዲቪ ዕጣ ገቡ። ሌላም ስሕተት ነበረ። ሴናተር ኧርቪንና ባልደረቦቻቸው በጠየቁት መሠረት ያው ሕግ ለሜክሲኮና ለጎረቤቶቿ ሁሉ 120,000 የሚል ጣራ ለመጀመሪያ ጊዜ አኖረ። ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ሜክሲካውያን በመንግሥታት ስምምነት ወደ አሜሪካ እርሻ ሲመላለሱ መኖራቸውን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው። ሠራተኛው መምጣቱን አልተወም፤ የቀረው የሕጉ ወረቀት ነው።

ክርክሩ ያለፈ ዘመን ነገር እንዳይመስል አንድ ልጨምር። በጥር 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ወላጆቻቸው በሕጋዊ ወይም በቋሚ ሁኔታ በማይኖሩበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሚወለዱ ልጆች ዜጋ እንዳይባሉ የሚል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ዳኞችም አገዱት። ጠበቆቹ ወደ ፍርድ ቤት ይዘው የገቡት በ1868 ባሮች ነጻ ከወጡ በኋላ የጸደቀውን 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያና በ1898 ሳን ፍራንሲስኮ ለተወለደው ለቻይናው ልጅ ለወንግ ኪም አርክ የተፈረደውን ፍርድ ነው። በዚያው ዓመት በመጋቢት የቬኔዙዌላ ሰዎችን ለማባረር የተጠቀሰው ሕግ ደግሞ የወጣው በ1798 ነበር።

የክርክር ማኅበራችን ጸሐፊ ጥያቄው በሚመጣው ዓመት እንደ ገና እንዲቀርብ ተስማምቷል። እኔም ወንበሬ ወደ ማዶው ጎን እንዲዛወርልኝ አመልክቻለሁ።