«ያሳዩኝ፣ ይንገሩኝ»፦ የመንጃ ፈተና የቃል ጥያቄ ታሪክና የአማርኛ የመኪና ቃላት

የሙያ ቃላት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከመጻሕፍትና ከመዛግብት ተለቅሞ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ቃል በእርግጥ ሥራ መሥራቱ የሚታወቀው ሰው ተጠይቆ በዚያ ቃል መልስ ለመስጠት በሚገደድበት ሰዓት ነው። ከእነዚህም ሰዓቶች አንዱ የመንጃ ፈተና ነው። ተፈታኙ መሪ ጨብጦ፣ ፈታኙም ከጎኑ ተቀምጦ፣ «ፍሬኑ በደኅና እንደሚሠራ እንዴት ያረጋግጣሉ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብ መዝገበ ቃላት ገልጦ ለመመልከት ጊዜ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ይህ የቃል ጥያቄ በታላቋ ብሪታንያ እንዴት እንደ ተጀመረና እንዴት እንደ ተለወጠ፣ አማርኛ ተናጋሪው ተፈታኝም ለጥያቄው ሲዘጋጅ ከተርጓሚ ምን እንደሚፈልግ ለማስረዳት እንሞክራለን። ብሪታንያን የመረጥነው የጥያቄው ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ በግልጽ ስለሚታወቅና በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ስለሚጋፈጡት ነው። የብሪታንያ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ግን «ዓ.ም.» እየተባሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የጥያቄው አጀማመር

በብሪታንያ የአውራ ጎዳና ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው በ1931 ሲሆን፣ ዋጋውም አንድ ፔኒ ነበር። በ1934 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ቁጥር ከ7,000 በላይ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግም አዲስ ነጂ ሁሉ እንዲፈተን አዘዘ። ፈተናው ማርች 16 ቀን 1935 በፈቃደኝነት ተጀመረ፤ ይኸውም ተፈታኞች በአንድ ጊዜ እንዳይጨናነቁ ነው። ከጁን 1 ቀን 1935 አንሥቶ ግን ከኤፕሪል 1 ቀን 1934 ወዲህ መንዳት ለጀመረ ሁሉ ግዴታ ሆነ። ቋሚ የፈተና ጣቢያ ስላልነበረ ፈታኙና ተፈታኙ በባቡር ጣቢያ፣ በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ወይም በመናፈሻ አጠገብ ተቀጣጥረው ይገናኙ ነበር።

በዚያ ፈተና የእጅ ችሎታና የደንብ ዕውቀት አልተነጣጠሉም። ተፈታኙ ነድቶ ሲጨርስ ከደንቡ የተውጣጡ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ የመንገድ ምልክትም እያየ ትርጉሙን በአፉ ይናገራል። ይህ አሠራር እስከ 1996 ዘለቀ። በዚያ ዓመት ጁላይ 1 ቀን የንድፈ ሐሳቡ ፈተና ራሱን ችሎ በጽሑፍ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ የደንቡ የቃል ጥያቄ ከመኪናው ውስጥ ወጣ።

ሆኖም የቃል ጥያቄ ለዘለቄታው አልቀረም። በ2003 «ያሳዩኝ፣ ይንገሩኝ» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ስያሜ ተመልሶ ገባ። ስሙ የቃል ጥያቄ ይሁን እንጂ የተመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። የቀድሞው ስለ ደንቡ ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ ስለ መኪናው አካል ይጠይቃል። «ይንገሩኝ» የሚለው ተፈታኙ አንድን የደኅንነት ምርመራ እንዴት እንደሚያካሂድ በቃል እንዲገልጽ ነው፤ «ያሳዩኝ» የሚለው ደግሞ በእጁ እንዲያደርገው ነው። መጀመሪያ ሁለቱም መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይቀርቡ ነበር። ከዲሴምበር 4 ቀን 2017 ወዲህ ግን «ይንገሩኝ» ከመነሻው በፊት፣ «ያሳዩኝ» እየተነዳ እንዲጠየቅ ተደረገ። አንዱን ወይም ሁለቱንም የሳተ አንድ ቀላል ጥፋት ይመዘገብበታል፤ እስከ 15 ቀላል ጥፋት ድረስ ማለፍ ስለሚቻል፣ ጥያቄው ብቻውን ተፈታኝን አይጥልም። ነገር ግን እያሳየ ሳለ መኪናውን ከቁጥጥር ውጭ ያደረገ ይወድቃል።

ይህ ለውጥ ከቋንቋ አንጻር ሲታይ ትልቅ ለውጥ ነው። የደንብ ቋንቋ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ ተጠንቶ በቃል ይያዛል። የመኪና አካል ቋንቋ ግን የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ የሚገኘውም በመካኒኩና በሾፌሩ አፍ ነው። ስለሆነም ጥያቄውን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ አማርኛ የመኪናን አካል እንዴት እንደ ሰየመ ማወቅ ይኖርበታል።

የአማርኛ የመኪና ቃላት ሦስት ምንጮች

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዐፄ ምኒልክ አመጣ። ከዚያ በፊት በእንፋሎት የሚሠራ ነገር ሁሉ በአማርኛ ባቡር ይባል ነበር፤ አርመናዊው ሰርኪስ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ እስከ ዛሬ በተረትና በጨዋታ «ሰርኪስ ባቡር» መባሉ የዚህ ምስክር ነው። «መኪና»ም ቢሆን በመሠረቱ የተሽከርካሪ ስም አይደለም። ከጣሊያንኛው «ማኪና» በቀጥታም ሆነ በዐረብኛ በኩል ሲገባ ማናቸውንም ሞተርና መሣሪያ የሚያመለክት ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና ስንል የምንናገረው በዚሁ በቀድሞው ትርጉም ነው።

የመኪና ቃሎቻችን ከሦስት ምንጭ ይቀዳሉ። የመጀመሪያው የአገሩ ቃል ነው። ከ«መራ» መሪ፣ ከ«ነዳ» ነጂና መንጃ ተገኝተዋል፤ ከብት የሚነዳበት ግስ ለሞተር ዋለ። ከግዕዝ የመጣው ሰሌዳም የመኪና ቁጥር መጻፊያ ሆነ። ዝናብ መጥረጊያ፣ አጭር መብራት፣ ረጅም መብራት የሚሉትም ሾፌሮች ራሳቸው ያወጧቸው ስሞች ናቸው።

ሁለተኛው የውሰት ቃል ነው። ሾፌርና ጋራዥ የፈረንሳይኛ መልክ አላቸው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተስፋፋው የመኪና ሥራና ከዚያም በኋላ በጋራዥ ከቀረው ልማድ ደግሞ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎሚስታና የመሳሰሉት ቀርተውልናል። ፍሬንና ማርሽ ለሁለቱም ቋንቋዎች ይቀርባሉ። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ፍላጻ ማለት ነው፤ ካንዴላም ሻማ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ፍላጻውም ሻማውም ተረስተው የመታጠፊያ መብራትና የሞተር እሳት መለኮሻ ብቻ ቀርተዋል። እንዲህ ያለው ቃል ባዕድ ነው ለማለት ያስቸግራል። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፈውን ምሩጽ ይፍጠርን ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ ሲጠራው፣ ማርሽ የሚለው ቃል የጋራዥን ደጃፍ ተሻግሮ የሁላችንም መሆኑን አስመስክሯል።

ሦስተኛው ምንጭ መሥሪያ ቤት ነው። ከ«ተሽከረከረ» ተሽከርካሪ፣ ከ«አሽከረከረ» አሽከርካሪ ተፈጥረው በሕግ ጸንተዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074ም ሰነዱን «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ብለው ይጠሩታል። ሕዝቡ ግን «መንጃ ፈቃድ» ማለቱን አልተወም። ሁለቱም ስሞች በየቦታቸው ትክክል ናቸው፤ ስሕተት የሚሆነው የአንዱን ቦታ ለሌላው ስንሰጥ ነው።

ጥያቄው በአማርኛ ሲጠየቅ

አሁን ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹን እንመልከት። አንዱ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ፍሬን መሥራቱ እንዴት እንደሚታወቅ ይጠይቃል። የሚጠበቀው መልስ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ መለስለስ ወይም መላላት እንደሌለበት፣ መኪናው እንደ ተነሣ ፍሬኑ መሞከር እንዳለበት፣ ሲያዝም መኪናው ወደ አንድ ወገን መሳብ እንደሌለበት የሚገልጽ ነው። እንግሊዝኛው የተጠቀመበትን የስፖንጅ ምሳሌ ቃል በቃል ያስገባ ተርጓሚ አንባቢውን ያደናግራል። የአማርኛ ተናጋሪ ሾፌር «ፍሬኑ ላልቷል» ይላል፤ ጭራሹን እንቢ ያለውን ደግሞ «ፍሬን በጠሰ» ይለዋል። በዚህ ጥያቄ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው፤ የላላ ፍሬን የሚመረመረው እንዳይበጥስ ነውና። ሁለቱን ለይቶ የማያስቀምጥ ትርጉም የምርመራውን ዓላማ ይሰውራል።

ሁለተኛው ስለ ጎማ ነው። እንግሊዝኛው በጎማ ውስጥ ስላለው ግፊት ይጠይቃል። «ግፊት» በፊዚክስ ትምህርት ተገቢው ቃል ነው። ሾፌሩ ግን ጎሚስታው ዘንድ ሄዶ የሚያስለካው ንፋስ ነው። ስለዚህ «የጎማው ንፋስ ልክ ስንት መሆን እንዳለበት ከየት ያገኙታል? እንዴትስ ይለኩታል?» ብንል ተፈታኙ ወዲያው ይረዳል። መልሱም የሚገኘው መኪናውን የሠራው ድርጅት ከሚያወጣው መመሪያ እንደ ሆነ፣ የሚለካው ጎማው ሳይግል በአስተማማኝ መለኪያ እንደ ሆነ፣ ትርፍ ጎማም እንደማይረሳ፣ ከተለካ በኋላም የንፋስ መሙያው ክዳን ተመልሶ እንደሚገጠም ይናገራል። ስለ ጎማ ጥርስ ሲጠየቅም ቁጥሩ መሳት የለበትም፤ በጎማው ስፋት መካከለኛ ሦስት አራተኛ ላይ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ጎማው የተቆረጠ ወይም ያበጠ ቦታም ሊኖረው አይገባም።

ሦስተኛው «ያሳዩኝ» ከሚሉት ወገን ነው። እየነዱ አጭር መብራት እንዲያበሩ ይጠየቃሉ። እንግሊዝኛው ይህን መብራት «ዲፕድ» ሲለው ዝቅ የተደረገ ማለቱ ነው፤ አማርኛው ደግሞ በርዝመት ለክቶ አጭር ይለዋል። አንዱ ቋንቋ የብርሃኑን አቅጣጫ፣ ሌላው ብርሃኑ የሚደርስበትን ርቀት ተመለከተ። «ዝቅ ያለ መብራት» ተብሎ የተተረጎመለት ተፈታኝ ግን መብራቱ የተሰቀለበትን ቦታ ወይም የብርሃኑን መድከም ሊያስብ ይችላል። ስሙ ካለ አዲስ ስም አንፈልግለትም።

ስም የሌለበትም ቦታ አለ። በብርድ ጊዜ በመኪና መስታወት ላይ የሚጋገረውን እንፋሎት የሚያጠፋው መሣሪያ ከጥያቄዎቹ አንዱ ነው። ለዚህ መሣሪያ አንዲት ቃል ፈጥረን በተፈታኙ ላይ ከምንጭን፣ «የመስታወቱን እንፋሎት የሚያጠፋውን ያብሩ» ብለን ሥራውን በግልጽ መናገር ይሻላል። ቃሉ ወደፊት በሾፌሮች አፍ ሲወለድ መዝጋቢው ይመዘግበዋል።

አስተርጓሚው ከመኪናው ሲወርድ

እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ በብሪታንያ ተፈታኙ አስተርጓሚ ይዞ ወደ ተግባር ፈተናው መግባት ይችል ነበር። በጽሑፉ ፈተናም በ19 የውጭ አገር ቋንቋዎች የተቀዳ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ አማርኛ ከእነዚህ መካከል ስላልነበረ አማርኛ ተናጋሪው የሚተማመነው በአስተርጓሚ ነበር። ከኤፕሪል 7 ቀን 2014 ወዲህ ሁለቱም ቀሩ። ለውሳኔው ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል የመንገድ ደኅንነትና አስተርጓሚው መልሱን ለተፈታኙ ያቀብላል የሚለው ሥጋት ይገኙበታል።

ይህ ማለት በአገሩ ዓመታት ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ብሪታንያ ገብቶ መኖር ከጀመረ ከ12 ወር በኋላ በአገሩ ፈቃድ መንዳት ስለማይችል፣ እንጀራው በዚህ ፈተና ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ፍሬን እንዴት እንደሚመረመር ከማንም በላይ ያውቃል። የሚያውቀው ግን በፍሬን፣ በጎማና በክላክስ ነው፤ የሚጠየቀው በብሬክ፣ በታየርና በሆርን ነው። ያልተረዳውን ጥያቄ እንደማያውቀው ነገር ቆጥሮ ገና ከመነሻው ልቡ ሊሸበር ይችላል። የተሸበረ ነጂ ደግሞ ቀጥሎ በሚመጣው መንገድ ላይ ሌላ ጥፋት ይጨምራል። አንድ ቀላል ጥፋት ትንሽ ነገር ነው ማለት የማይቻለው ስለዚህ ነው።

አስተርጓሚው ከመኪናው ከወረደ ወዲህ በፊት በፈተናው ሰዓት ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ ዝግጅቱ ሰዓት ተዛውሯል። ስለሆነም የዝግጅት ጽሑፍ የሚያሰናዳ ተርጓሚ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ጎን ለጎን እንዲያስቀምጥ እናሳስባለን። የመጀመሪያው ፈታኙ የሚናገረው የእንግሊዝኛ ቃል በጆሮ እንደሚሰማው በፊደላችን ተጽፎ ነው፤ ዊንድስክሪን፣ ሄድላይት፣ ታየር እንደማለት። ሁለተኛው ሾፌሩ በጋራዥ የሚያውቀው ስም ነው፤ ምንጩ ጣሊያንኛ ነው ተብሎ በአዲስ ቃል አይለወጥ። ሦስተኛው የሚደረገው ነገር ነው፤ እጅ የሚነካው፣ ዓይን የሚያየው፣ ከነቁጥሩ። የመሥሪያ ቤቱ ቃል በሰነዱ ርእስ ላይ ይቀመጥ፤ በጥያቄው ውስጥ ግን አይግባ።

ይህን ስንል አዲስ ስያሜ መፍጠር አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ አምረው የተፈጠሩና የለመዱ ቃላት ናቸው። ለማለት የፈለግነው የስያሜ ሥራ ከምዝገባ እንዲጀምር ነው። በጋራዥ፣ በጎሚስታ ቤትና በመንጃ ማሠልጠኛ የሚነገረው ቃል ተሰብስቦ ከነአገባቡ ካልተመዘገበ፣ «ፍሬን ላላ» እና «ፍሬን በጠሰ» የሚሉት ልዩነት በማንኛውም መዝገበ ቃላት አይገኝም። ተፈታኙ ግን ነገ ጠዋት መሪ ጨብጦ ይጠየቃል።