ሌባውን ሹም ያስያዘው ሥዕል

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ዊልያም ትዊድ ሳይፈቅድ የሚሾም፣ ሳይካፈል የሚሠራ እምብዛም አልነበረም። በ250 ሺህ ዶላር ይሠራል የተባለው ፍርድ ቤት እንኳ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ይህን ሰው የተጋፈጠው ሃርፐርስ ዊክሊ በተባለ መጽሔት ላይ ካርቱን የሚሥለው ቶማስ ናስት ነበር።

ናስት በ1840 በጀርመን ላንዳው ተወልዶ በ6 ዓመቱ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ኒውዮርክ የገባ የስደተኛ ልጅ ነው። ትምህርት አልሆነለትም፤ መጻሕፍት የምታነብለት ባለቤቱ ነበረች። እጁ ግን ገና በ15 ዓመቱ ደመወዝ አስገኘለት። የሪፐብሊካን ፓርቲ መለያ የሆነው ዝሆንም በ1874 ከዚሁ እጅ የወጣ ነው።

በ1871 ኒውዮርክ ታይምስ የዘረፋውን ሒሳብ ገለጠ። ትዊድን ያስጨነቀው ግን ጽሑፉ አልነበረም ይባላል፤ ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበርና። ሥዕል ግን ማንም ያያል። በዚያው ዓመት ናስት ትዊድንና ግብረ አበሮቹን በክብ አቁሞ፣ የሕዝቡን ገንዘብ ማን ሰረቀ ሲባሉ እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ሲቀስር ሣላቸው። ዝም እንዲል 500 ሺህ ዶላር ድረስ ቀርቦለት እምቢ እንዳለም ይነገራል። በኅዳር ምርጫ የትዊድ ቡድን ወደቀ። ትዊድ ተፈርዶበት ታሰረ፤ በ1875 አምልጦ ስፔን ቢደርስም በማግስቱ ዓመት ቪጎ ላይ ተያዘ። መልኩን ያሳወቀው የናስት ካርቱን ነበር፤ በ1878 እስር ቤት ሞተ።

የናስትም ጉድፍ መነሣት አለበት። ለጥቁሮች የመምረጥ መብትና ለቻይናውያን ስደተኞች የተሟገተው እጅ፣ አይሪሾችን በዝንጀሮ መልክ፣ የካቶሊክ ጳጳሳትን በአዞ መልክ ሥሏል። ራሱ ከመርከብ የወረደ መሆኑ አልገታውም። አይሪሹ ድሃ ለትዊድ ድምፁን የሚሰጠው ሥራና የክረምት ማገዶ ስለሚያገኝ መሆኑ ብዙም የታየው አይመስልም።

በ1884 ገንዘቡን ያስቀመጠበት ድርጅት ከሠረ፤ በ1886 ከመጽሔቱ ተለያየ። በ1892 የጀመረው የራሱ ሳምንታዊም ወዲያው ተዘጋ። ዕዳ ሲያጣብቀው፣ በ1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሰጡትን የቆንስልነት ሥራ ተቀብሎ ወደ ኢኳዶር፣ ጓያኪል ሄደ። ስድስት ወር ሳይሞላው በዚያው ታኅሣሥ በቢጫ ወባ ሞተ።