ሥራ ላይ ማደር፦ ከንጉሥ ሰሎሞን እስከ ጋን ሽሙኤል



ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስወጣ አለቃዬ ጠራኝና «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ደቡብ ያለው አዲሱ ጣቢያ ላይ ነህ፤ በሳምንት አራት ሌሊት እዚያው ታድራለህ፣ መኝታ ተዘጋጅቷል» አለኝ። አልጠየቀኝም፣ ነገረኝ። እኔ የማቀዝቀዣ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ በሙያ ትምህርት ቤት ተማርኩት፣ ሠራዊት ውስጥም ሥራዬ ይኸው ነበር። በሠራዊት «እዚህ እደር» ከተባልክ ታድራለህ። አሁን ግን ወታደር አይደለሁም፣ ቤቴም የሦስት ወር ልጅ አለችኝ። ከሐዴራ ተሳፍሬ በጋን ሽሙኤል በር ሳልፍ፣ የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር እንዴት ቻሉት እያልኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳገላብጥ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ የራሳችንን ቋንቋ ተመልከቱልኝ። «ማደር» ሌሊትን ማሳለፍ ነው፤ ለጌታ መገዛትም ነው። «ለእገሌ አደረ» ካልን አገልጋዩ ሆነ ማለት ነው። በደመወዝ ፋንታ ለወታደርና ለሹም የሚሰጠው መሬት «ማደሪያ» ይባል ነበር። ወታደር የሚለውም ቃል «ወጥቶ አደር» ከሚለው መጣ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር መጀመሪያ የምትጠየቀው «ተመላላሽ ነሽ ወይስ አዳሪ?» ተብላ ነው። ገባሩም ቢሆን እህሉን ገብሮ፣ አጥሩን አጥሮ፣ እንጨቱን ፈልጦ አይበቃውም ነበር፤ ተራው ሲደርስ በጌታው ግቢ ዘብ ያድራል። ይህ የጉልበት ግዴታ በሕግ የቀረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1944 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ነው።

የእኛ የቤተ እስራኤሎች ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ርስት ስላልነበረን በእጃችን ነው የኖርነው፤ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ። ዐፄ ፋሲል (1632–1667) ጎንደርን ሲያቀኑና ከእሳቸው በኋላም ነገሥታቱ ግንብ ሲያሠሩ፣ ግንበኞቻችን ከሥራው ላይ ነበሩ። ታዲያ ከሌላው ሕዝብ ጋር ሠርቶና ውሎ የመጣ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ መንደሩ አይገባም። ዓርብ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤቱ መገኘት አለበት፣ በሰንበት መንገድ የለም፣ እሳትም የለም። ስለዚህ የእኛ ሰው ከቤቱ ምን ያህል ርቆ እንደሚሠራ የሚወስነው ጌታው ብቻ አልነበረም፣ ዓርብም ይወስን ነበር።

አሁን ወደ ኦሪትና ወደ ነገሥት ልመለስ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛው ደመወዝ ቀጣሪው ዘንድ እንዳያድር ያዛል። ገንዘቡ እንኳ አይደር ተብሏል! ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያሠራ (አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 5) ከእስራኤል 30,000 ሰው መለመለ፣ ነገር ግን ሁሉንም ባንዴ አልላከም። በየወሩ 10,000 በተራ ሊባኖስ ይወርዳሉ፤ አንድ ወር እዚያ፣ ሁለት ወር እቤታቸው። እንዲያም ሆኖ ሸክሙ መሮ ነበር፤ ልጁ ሮብዓም ላቅልላችሁ ባለማለቱ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፣ የሥራው አዛዥ አዶኒራምም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

ቄሶቻችን ሚሽናን አያውቁም ነበር፤ እኛም የተዋወቅነው እዚህ መጥተን ነው። አንድ ቦታ (ባባ ሜጺዓ ምዕራፍ 7) ማልዶ መግባትና አምሽቶ መውጣት ልማድ ባልሆነበት አገር ቀጣሪ ሠራተኛውን ሊያስገድደው አይችልም ይላል። ሌላ ቦታ (ክቱቦት ምዕራፍ 5) ደግሞ የቀን ሠራተኛ ሚስቱን ሳያስፈቅድ ለሥራ ከቤት መራቅ የሚችለው አንድ ሳምንት ብቻ ነው ይላል። ይህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

የእስራኤል የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ የወጣው በ1951 ነው። በፈረቃ በሚሠራ ድርጅት አንድ ሠራተኛ ከሦስት ሳምንት ውስጥ ከአንዱ በላይ የሌሊት ሥራ አይመደብም ይላል፣ ሚኒስትሩ ለይቶ የሚፈቅደው ሳይቆጠር። ከሦስት አንድ! ልክ የሰሎሞን ሒሳብ። ሕጉ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ለሥራው ዝግጁ ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። ታዲያ ማሽኑ ሲጮህ ልነሣ ልብሴን ሳላወልቅ የምጋደመው እኔ፣ ሠራሁ ነው ወይስ ተኛሁ? አለቃዬ ተኛህ ነው የሚለው።

ያ በየቀኑ የማልፈው ጋን ሽሙኤል በ1890ዎቹ ለዳስ በዓል የሚሆን ኤትሮግ የተተከለበት ቦታ ነበር፤ ስሙም የራቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር ነው። ኋላ ሠራተኞች ሰፍረው ኪቡጽ ሆነ። በኪቡጾች ድሮ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር አያድሩም ነበር፤ በልጆች ቤት ያድራሉ፣ ሌሊት የሚጠብቃቸውም በተራ ይመደባል። ይህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቀረ፣ እናቶች አልቻሉትም። እኔ አልፈርድባቸውም፣ ግን ተራው ለሁሉም እኩል ነበር።

አባባ ተራ አላገኙም። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከመጡት ከ14,000 በላይ ሰዎች ጋር ስንመጣ እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። እሳቸው ዘበኝነት ተቀጥረው አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት አንድ መጋዘን ጠበቁ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ይገባሉ፣ ስመለስ ይወጣሉ። ፊታቸውን በደንብ የማውቀው በሰንበት ነው። ትናንት ስለ ሕጉ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ከሦስት አንድ? ማን ነገረን ልጄ» አሉኝ።

የሚሽናውን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀችና «እንግዲያው አለቃህ መጥቶ እኔን ይጠይቀኛ» አለች። ቀጥሎ ግን ልጅቷን እያስተኛች «አንድ ሳምንት እችላለሁ፤ አራቱን ግን አልችልም» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ወረቀት ይዤ እገባለሁ። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፦ ከሦስት ሳምንት አንዱን፣ ዓርብ እኩለ ቀን ግን እቤቴ።