የቢሮ ማተሚያና የፎቶ ኮፒ መሣሪያዎች ገበያ ወዴት እያመራ ነው?

ማተም፣ መቅዳት፣ ሰነድን በስካነር ማንሳትና በፋክስ መላክ ቀደም ባለው ጊዜ ለየራሳቸው የተሠሩ አራት መሣሪያዎችን ይጠይቁ ነበር። ዛሬ ግን አራቱም ተግባራት በአንድ አካል ተጠቃለው «ባለብዙ አገልግሎት መሣሪያ» በሚል ስም ለገበያ ይቀርባሉ። መሣሪያው በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ ሱቁና በየመኖሪያ ቤቱ ይገኛል። ይሁንና ሻጩ ትርፉን የሚያገኝበት መንገድና ገዢው ወጪ የሚያወጣበት መንገድ ብዙ ጊዜ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የገበያውን አመጣጥና አሁን የሚታዩበትን ለውጦች፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያስቃኛል።

የገበያው አመጣጥ

አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒውዮርክ ከተማ፣ አስቶሪያ በተባለው ሰፈር በኤሌክትሪክ ሙልና በደቃቅ ዱቄት አማካይነት የመጀመሪያውን ደረቅ ቅጂ አነሳ። ሥራው ወደ ገበያ ለመድረስ ሁለት ዐሥርት ዓመታት የወሰደ ሲሆን፣ በኋላ ዜሮክስ ተብሎ የተጠራው ኩባንያ «914» የተሰኘውን የፎቶ ኮፒ ማሽን በ1959 አስተዋወቀ። ማሽኑ ውድ ስለነበረ ኩባንያው በወር ክፍያ እያከራየ፣ በተቀዳው ገጽ ብዛት ያስከፍል ጀመር። ትርፉ ከማሽኑ ሽያጭ ይልቅ በሚቆጠረው ገጽ ላይ የተመሠረተበት አሠራር በዚህ መንገድ ተስፋፋ።

በ1984 ኤች.ፒ. የካነንን የማተሚያ ሞተር ተጠቅሞ ሌዘርጄት የተባለውን ማተሚያ በ3,495 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያው ዋጋ እጅግ ወርዶ የቀለሙ ዋጋ ግን ከፍ እንዳለ ቀርቷል።

መሣሪያው ርካሽ፣ ቀለሙ ውድ

ብዙ አምራቾች ማተሚያውን በአነስተኛ ትርፍ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለምና ከቶነር ይሰበስባሉ። የቀለም መያዣው ላይ የሚገጠመው ቺፕ በሌላ ድርጅት የተሠራ ወይም ዳግም የተሞላ ቀለም እንዳይሠራ ሊያግድ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2017 በሌክስማርክ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ አምራቹ የቶነር መያዣውን ከሸጠ በኋላ በፓተንት መብቱ ተጠቅሞ ገዢው የሚያደርግበትን መቆጣጠር እንደማይችል አረጋግጧል። ውሳኔው ዳግም ለሚሞሉ ድርጅቶች በር ቢከፍትም የቺፕ እገዳውን አላስቀረም።

ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት አማራጮች ተስፋፍተዋል። አንደኛው ኤፕሰን በ2010 በኢንዶኔዥያ የጀመረው፣ ቀለሙ ከጠርሙስ በቀጥታ ወደ ጋን የሚሞላበት ማተሚያ ነው፤ ይህም መነሻ ዋጋው ከፍ ቢልም የገጽ ወጪው ዝቅ ያለ ነው። ሁለተኛው ወርኃዊ የቀለም ክፍያ ነው። በዚህ ውል የሚመጣው ቀለም ክፍያው ሲቋረጥ መያዣው ባያልቅም መሥራት ሊያቆም ስለሚችል፣ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ተገቢ ነው።

የኩባንያዎች መሰባሰብ

ሰነዶች ወደ ስክሪን በመሸጋገራቸው አምራቾች እየተዋሐዱ ነው። ኤች.ፒ. የሳምሰንግን የማተሚያ ክፍል በ1.05 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2017 ተረከበ። ሪኮና ቶሺባ ቴክ በጁላይ 2024 መሣሪያዎችን በጋራ የሚያመርት ድርጅት አቋቋሙ። ዜሮክስ ደግሞ ሌክስማርክን በ2025 ጠቀለለ። አንድ የንግድ ምልክት በሌላው ሲጠቀለል የመለዋወጫና የጥገና አቅርቦት ሊለወጥ ስለሚችል፣ በተለይ አሮጌ ሞዴል የሚገዛ ሰው ቀለሙ በገበያ መኖሩን አስቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል።

ለውጡ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ጎልቶ ይታያል። የዱባይ መንግሥት በ2018 የጀመረውን ወረቀት አልባ ስልት በዲሴምበር 2021 ማጠናቀቁን ሲያስታውቅ፣ ከ336 ሚሊዮን በላይ ወረቀትና 1.3 ቢሊዮን ድርሃም መዳኑን ገልጿል። በሳዑዲ ዓረቢያም የመውጫና የመመለሻ ቪዛን የመሳሰሉ ጉዳዮች አብሸር በተባለው መድረክ ይፈጸማሉ። በዚህም ምክንያት በቅጂ ብዛት ብቻ ይተዳደር የነበረ ሱቅ ገቢው ይቀንሳል፤ ሰነድን በስካነር አንስቶ፣ በተፈለገው መጠንና ቅርጽ አዘጋጅቶ ወደ መድረኩ መጫን ግን አዲስ ሥራ ሆኗል።

የገጽ ወጪን ማስላት

ገዢው ከመሣሪያው ዋጋ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው የአንድ ገጽ ወጪን ነው። ስሌቱም የቀለሙን ዋጋ በሚያትመው ገጽ ብዛት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንደኛው ማተሚያ 300 ድርሃም፣ ቀለሙ 250 ድርሃም ሆኖ 1,000 ገጽ ቢያትም የአንዱ ገጽ ወጪ 25 ፊልስ ይሆናል። ሁለተኛው ማተሚያ 800 ድርሃም፣ ቀለሙ 300 ድርሃም ሆኖ 6,000 ገጽ ቢያትም የገጹ ወጪ 5 ፊልስ ነው። በዋጋ መካከል ያለው የ500 ድርሃም ልዩነት 2,500 ገጽ ሲታተም ይካካሳል፤ ከዚያ በኋላ ውድ መስሎ የታየው ርካሽ ይሆናል።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት የሚለካው በመደበኛ የሙከራ ገጽ ሲሆን፣ የጥቁር ሌዘር ማተሚያ መለኪያ ከገጹ 5 በመቶ ገደማ ብቻ በቀለም የተሸፈነ ነው። የፓስፖርትና የመታወቂያ ቅጂ ግን ፎቶግራፍና ጥላ ስላለው የበለጠ ቀለም ይጨርሳል። እንዲሁም ከአዲስ መሣሪያ ጋር የሚመጣው ቀለም ብዙውን ጊዜ ሙሉ አይደለም።

መሣሪያ ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው ሁለት ነገሮችን ያጣራ፦ መሣሪያው በ220 ቮልት መሥራቱንና ቀለሙ በክልል ያልተገደበ መሆኑን። አንዳንድ አምራቾች ለአንድ ክልል የሸጡት መሣሪያ በሌላ ክልል የተሸጠውን ቀለም እንዳይቀበል ያደርጋሉ።

ቅጂው የት ይቀራል?

ብዙ ትልልቅ የቢሮ ማሽኖች የሚያልፍባቸውን ሰነድ ምስል የሚያከማቹበት ሃርድ ዲስክ አላቸው። በኒውዮርክ የሚገኝ አንድ የጤና መድን ድርጅት በኪራይ የወሰዳቸውን የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ዲስካቸውን ሳያጠፋ በመመለሱ፣ እስከ 344,579 የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ለአደጋ ተጋልጧል። ድርጅቱም በ2013 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል።

ስለዚህ ያገለገለ ማሽን የሚሸጥ ወይም የኪራይ ማሽን የሚመልስ ሰው ዲስኩን ማጥፋት ወይም ማስወጣት አለበት። ደንበኛም የፓስፖርቱን ቅጂ በሱቅ ሲያሠራ ዋናውን ሰነድ ከመስታወቱ ላይ ማንሳቱን፣ የተበላሹ ቅጂዎችን መውሰዱንና በኢሜይል ወይም በስልክ የላከው ፋይል ከሱቁ ኮምፒዩተር መጥፋቱን ያረጋግጥ። የቅጂው ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ቢሆንም፣ በላዩ ያለው ስም፣ ቁጥርና ፎቶግራፍ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት በሳንቲም አይለካም።