አራት ፊደል፣ ወደ ታች

እናላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ መስቀለኛ ቃላት ልንሠራ ተቀመጥን። መሙላት አይደለም፣ መሥራት። (መሙላቱንማ ተማሪ ሳለን አራት ኪሎ በኪራይ ጋዜጣ ለምደነዋል። እስክሪብቶ ያሳረፈበት ዋጋውን ስለሚከፍል በሆዳችን ነበር የምንሞላው።) ደንባችን አንድ ነው፦ መልሱ ሁሉ የአዲስ አበባ ምግብ ቤት፣ አዳራሽ ወይም ስም ያለው ሕንፃ ይሁን።

ምግብ ቤቱ አላስቸገረንም። «ጣሊያናዊ የከፈተው የፒያሳ ምግብ ቤት፣ 4 ፊደል»፤ ካስቴሊ፣ አለቀ። «እቴጌይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ 3 ፊደል»፤ ጣይቱ። አንዷ «እቴጌም እኮ ሦስት ነው» ብላ ብትከራከርም ሁለቱም የአንድ ሴት ናቸውና አለፍናት። ያ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል፣ ጃዝ አምባም አብሮ ነዷል። ስሙ ግን ተረፈ። የምግብና የመኝታ ቤት ስም መንግሥት ሲለወጥ ብዙም የሚነካው አይመስለንም። የአዳራሽ ስም ግን ወዮለት!

ጉዱ የፈላው ወደ ታች 5 ላይ ነው። «አንበሳ በደጁ የቆመለት ቴአትር ቤት፣ 4 ፊደል»። እኛ «ብሔራዊ» ልንል ስንል የአንዷ አያት እርሳሱን ተቀብለው «ቀዳማዊ» ብለው ሞሉት። ቆጠርነው፤ ልክ አራት! በአግድም ቃል እንዳንለየው ደግሞ ሁለቱም የሚያልቁት በ«ዊ» ነው።

«አባባ፣ ብሔራዊ እኮ ነው የሚባለው።»

«እኔ ትኬት ቆርጬ ስገባበት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር» አሉን። ምን ይባላል?

እውነታቸውን ነው። ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ሲመረቅ በስማቸው ነበር የተጠራው። የደጁን አንበሳ የሠራው ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ነው። «ብሔራዊ» የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ከሁለቱም በፊት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጀምሩት ሲኒማ ማርኮኒ ብለውት ነበር። ማ-ር-ኮ-ኒ። እሱም አራት! አንድ ቤት፣ ሦስት ሥርዓት፣ አራት አራት ሣጥን። አያትየው «ማርኮኒ»ን ሲሰሙ ግን እርሳሱን ወርወር አድርገው ተነሡ።

ሌላው ጭቅጭቅ አግድም 9 ነው። «ዓለም በቃኝ»ን ከ«አፍሪካ» ጋር በመጀመሪያ ፊደላቸው ልናቋርጣቸው ፈለግን። አፍሪካ አዳራሽን ታውቁታላችሁ፦ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ያለበት፣ በግንቦት 1955 የአንድነት ድርጅቱ የተመሠረተበት። ዓለም በቃኝ ደግሞ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ስልሳዎቹን የረሸነበት እስር ቤት ነው። ፈርሶ በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት 99.9 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ቆመ፣ ጥር 2004 ተመረቀ። በከተማው ካርታ ላይ ሁለቱ ቃላት በትክክል ይገናኛሉ። በሣጥናችን ውስጥ ግን አንዱ በዐይኑ «ዓ»፣ ሌላው በአልፋው «አ» ነው። ግማሾቻችን «ማን ያያል፣ በአልፋው ይጻፍ» አልን። ሌሎቻችን ሰው የሞተበትን ስም ለሣጥን ብለን አናጣምምም አልን። እኛ ሁለተኞቹ አሸነፍን፣ አግድም 9 ብቻውን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

በመጨረሻ «ዶሮ ማነቂያ» ቀረ። «የፒያሳ ሰፈር፣ 6 ፊደል» ብለን ጽፈን ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። «ሰፈር የነበረ» እንበል ወይስ እንዳለ እንተወው? እዚያ ያደገችው ጓደኛችን «እንዳለ ተዉት» አለች። ተውነው።

እንቆቅልሹ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ወደ ታች 5 ላይ ሦስቱንም መልስ እንቀበላለን። «ማርኮኒ» የምትሉ ግን አያትየው ፊት ቀርባችሁ ታስረዳላችሁ።