ካቬሪ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ከተማ

በኢዮቤልዩ መጽሔታችን ስለ ሕንድ ከተማ መጻፍ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያት አለን። በአገራችን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ጂኦግራፊ ያስተማሩን ሕንዳዊ መምህር የታሚል አገር ሰው ነበሩ። ስለ ዓባይ ደለል ባስረዱን ቁጥር ጠመኔ አንሥተው የአገራቸውን ወንዝ ካቬሪንም አጠገቡ ይስሉልን ነበር። ዛሬ ናይሮቢ በሱቃችን ቁንዶ በርበሬ ስንመዝን ያ ሥዕል ትዝ ይለናል።

ካቬሪ በደቡብ ሕንድ በስተምዕራብ ካሉት የኮዳጉ ተራሮች ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ቲሩቺራፓሊን አልፎ ሜዳ ሲያገኝ እንደ እጅ ጣት ይከፋፈላል። ባመጣው ደለል ሰፊ የሩዝ አገር ሠርቶ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ይገባል። የጥንቷ የቾላ ነገሥታት ወደብ ፑሃር፣ በሌላ ስሟ ካቬሪፑምፓቲናም፣ የተቆረቆረችው በዚሁ አፉ ላይ ነው። ከነገሥታቱ ስመ ጥሩ ካሪካላ ሲሆን፣ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የካላናይን የድንጋይ ግድብ ያሠራው እርሱ ነው ይባላል። ግድቡ ኋላ ታድሶ እስከ ዛሬ ውኃ ያከፋፍላል።

ስለ ከተማዋ ኑሮ አብዝቶ የሚነግረን «ፓቲናፓላይ» የተባለው ጥንታዊ የታሚል ግጥም ነው። ፈረስ በመርከብ ይመጣል፤ ቁንዶ በርበሬ በጆንያ፣ የሰንደል እንጨት ከምዕራብ ተራሮች፣ ሉል ከደቡብ ባሕር ይገባል። የንጉሡ ቀራጮች በዕቃው ላይ የነብር ማኅተም ያትማሉ። ገጣሚው ነጋዴዎቹን ሚዛን ባለማጉደላቸው ያመሰግናቸዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ገጣሚ ባለሱቅን ሲያመሰግን እኛ ብዙ ጊዜ አላየንም። ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ስለ ስደተኞቹ የተናገረው ነው፤ አገራቸውን ትተው የመጡ፣ ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች ከከተማዋ ሕዝብ ጋር ተቀላቅለው በሰላም ይኖሩ ነበር። «ሲላፓቲካራም» የተባለውም ታሪክ ያቫና የሚላቸው ምዕራባውያን በባሕሩ ዳር መኖሪያ እንደ ነበራቸው ይጠቅሳል።

ከእኛም ወገን የሚያገናኘን አለ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መመሪያ፣ የዝሆን ጥርስ የሚጫንባትን አዱሊስን ገልጾ፣ ራቅ ብሎ ከታሚል ወደቦች መካከል ካማራ የምትባል ይጠራል። ብዙ ሊቃውንት ካማራ ፑሃር ናት ይላሉ።

ከተማዋ ግን ጠፋች። «ማኒመካላይ» የተባለው ድርሰት ንጉሡ የኢንድራን በዓል ሳያከብር ስለ ቀረ ባሕር ዋጣት ይላል። ተመራማሪዎች ደግሞ ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ፣ ወንዙም መንገዱን እየለወጠ መሄዱን ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የመጣው ሱናሚ በዚያ በናጋፓቲናም አውራጃ ብቻ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ያው ማዕበል የሶማሊያን ዳርቻ እንደ መታ እዚህ ያለን እናስታውሳለን።

ዛሬ ቦታው ፑምፑሃር የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ከላይ ግድብ ስለ በዛ፣ የካርናታካና የታሚል ናዱ ክፍለ አገሮችም በውኃው ዘመናት ስለ ተካሰሱበት፣ ወንዙ ባሕር የሚደርሰው ቀጥኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን አጠገቡ ኪላይዩር ላይ ሲቆፈር ከጡብ የተሠራ የጀልባ መቆሚያ ተገኘ። ጀልባ ይታሰርባቸው ነበር የሚባሉት የእንጨት ምሰሶዎች፣ ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ቆይተው፣ ጉቷቸው በጡቡ መካከል ተተክሎ ነበር።